ወደ ዳላስ የጎተትነው ቤት

ባለፈው ሳምንት ኬኔሶ ከተማ ውስጥ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬን ፓርክ ወዳደረግኩበት ስሄድ፣ አንድ ሰውዬ የጀልባ ተሳቢ ከፒካፑ ጋር ለማያያዝ ጎንበስ ብሎ ይታገል ነበር። ብረቱ ላይ የተለቀለቀው ግራሶ በፀሐይ ሞቆ ይሸታል። አጠገቡ ካለው ምግብ ቤት ደግሞ አንዲት ሴት ብቅ ብላ የበረኪና ውሃ አስፋልቱ ላይ ደፋች። ሁለቱ ሽታዎች ተቀላቅለው አፍንጫዬ ሲደርሱ ቁልፌን በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። ግራሶ ብቻውን ምንም አይለኝም፤ በረኪናም እንዲሁ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፣ ሊልበርን ነኝ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እናቴም በሕይወት አለች።

ሊልበርን ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ መኪና ገብቶ አያውቅም። ግድግዳውን ተደግፈው እስከ ጣሪያው የተደረደሩ ካርቶኖች ነበሩበት። በየወሩ አንድ ሰው በትልቅ መኪና ያመጣና በጋሪ እየገፋ ያስገባቸዋል። ውስጣቸው ውሃ ነው፤ በወፍራም ላስቲክ ከረጢት የታሸገ ውሃ። እማዬ ማታ ማታ አልጋዋ አጠገብ ካለው ማሽን ጋር በቀጭን ቱቦ ትያያዛለች፤ ያ ውሃ ሆዷ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ያድራል። ይሄ ለእኔ እንግዳ ነገር አልነበረም። የሌላ ልጅ እናት መነጽር እንዳላት ሁሉ የእኔ እናት ማሽን አላት፤ በቃ።

ያልገባኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ሁሉ ውሃ ቆልላ እማዬ ራሷ ውሃ አትጠጣም ነበር። ከንፈሯ ይሰነጣጠቃል። ከፍሪጅ አንዲት በረዶ ታወጣና ምላሷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቀስ እያለች ትመጥጣታለች። ጾም መስሎኝ ነበር። ሌላው ሰው ከሥጋና ከወተት ሲጾም፣ እማዬ ከሁሉም የባሰች ጾመኛ ስለሆነች ከውሃ የምትጾም ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንጀቴን በላችኝና በብርጭቆ ውሃ ይዤላት ሄድኩ።

«ማንም አያይሽም፣ ጠጪ» አልኳት።

ብርጭቆውን ተቀብላ ብዙ አየችው። ከዚያ ተነስታ መስኮቱ ላይ ያለውን አበባ አጠጣችበት።

የዚያን ሰመር መጀመሪያ ላይ አባዬ አንድ ነጭ ትሬለር ከፒካፑ ኋላ እየጎተተ መጣ። ከአንድ ጡረተኛ ፈረንጅ የገዛው ነው። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። ጎማ ያለው ቤት! እየጮህኩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሮጥኩበት።

«ቬኬሽን ልንሄድ ነው» አለኝ አባዬ። «ዳላስ፣ አክስትሽ ትርሲት ጋ።»

ትርሲት የእማዬ ታናሽ እህት ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻት እማዬ ነበረች። ሱዳን ስደት ላይ እያሉ፣ ራሷ ገና ልጅ ሆና፣ ትርሲትን አዝላ ውሃ ትቀዳ እንደነበር አባዬ ነግሮኛል። እማዬ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስልክ ስታነሳ «ልጄ» ነው የምትላት። ሆኖም ትርሲት የእማዬን መታመም አታውቅም ነበር። ስልኩ ሲጮህ እማዬ መጀመሪያ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ከዚያ «ሄሎ» ትላለች። ድምፅሽ ምነው ሲሏት ጉንፋን ነው ትላለች።

«እስከ መቼ ነው የምትደብቂያት?» ይላታል አባዬ።

«ይሄ በስልክ የሚነገር ነገር ነው?» ትለዋለች።

ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ቱቦው የሚገባበት ቦታ ኢንፌክሽን ይዞ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር፣ ራሷ ያላጸዳችው ክፍል ውስጥ ማሽኑን አትሰካም። ሆቴል አይሆንላትም፤ የሰው ቤትም አይሆንላትም። ዳላስ ደግሞ በአንድ ቀን ተደርሶ የሚመለሱበት አይደለም። ስለዚህ ቤቱን እየጎተትን መሄድ ነበረብን። እማዬ ጓንት አድርጋ ትሬለሩን በበረኪና ታጥበው ጀመር። ግድግዳውን አጠበች፣ ጣሪያውን አጠበች፣ የቁም ሳጥኑን እጀታ አጠበች። ሲደክማት ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች፤ ከዚያ ተነስታ ያጠበችውን እንደገና ታጥባለች። እኔ ለቬኬሽን እንደዚያ ጓጉታ አይቻት ስለማላውቅ ደስ አለኝ።

አባዬ ካርቶኖቹን በትሬለሩ የፊት ጫፍ ባለው አልጋ ሥር ጫነና ስቶን ማውንቴን ድረስ ሊሞክረው ወጣ። እኔም አብሬው ገባሁ። ፒካፑ ከኋላ ቁጭ ብሎ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንስቷል። ሃይዌይ ሰባ ስምንት ላይ አንድ ከባድ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ ትሬለሩ ከኋላችን ግራና ቀኝ ተወዛወዘ፤ ፒካፑንም ይዞት ሊሄድ ነበር። አባዬ ኤርፖርት ሸትል ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

«መሪው አልያዝ አለኝ» አለ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው።

በማግስቱ ጋሽ ወርቅነህን ጠራቸው። ጋሽ ወርቅነህ ብሩክሄቨን የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ድሮ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ነድተዋል፤ እዚህም መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ያንኑ ሲነዱ ኖረዋል። በግራ ጆሯቸው ስለማይሰሙ ሰው ሲያናግራቸው ቀኝ ጆሯቸውን ያዞራሉ። አባዬ እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት ካርቶኖቹን አውርዶ ጋራዥ መለሳቸውና በሩን ዘጋ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ «ዝም በይ» አለኝ።

ጋሽ ወርቅነህ ትሬለሩን አንድ ጊዜ ዞሩት።

«እስቲ ምላሱን እንየው» አሉ።

ምላስ የት እንዳለው ልፈልግ እኔም ጎንበስ አልኩ። ለካ ከፊቱ ወጥቶ ፒካፑ ላይ የሚያርፈውን የብረት አንገት ነው የሚሉት። «ፈረንጆቹ ታንግ ይሉታል፤ ምላስ ማለት ነው» አሉኝና ወደ አባዬ ዞሩ። «ተሳቢ ምላሱ ከከበደ ከኋላ ይቀመጥብሃል፣ ከፊት ያነሳሃል። የፊት ጎማ መሬት ካልረገጠ መሪ ምን ያደርግልሃል? ክብደቱን ከኋላ ወስዶ ለፊት ጎማም፣ ለተሳቢው ጎማም የሚያካፍል ማያያዣ አለ፤ ሂች ይሉታል። ያ ነው የሚያስፈልግህ። ግን ልኩ ብዙ ነው። የሂቹ ብረቶች ከጭነቱ ከሳሱ ጥቅም የላቸውም፤ ከጭነቱ ከጠነከሩ ደግሞ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሲቀጠቅጡ ይውላሉ። ስለዚህ ምን ምን ትጭናለህ?»

«ልብስ» አለ አባዬ። «ትንሽ ምግብ። ድስት ምናምን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም ጋሼ።»

ጋሽ ወርቅነህ እጃቸውን ትሬለሩ ላይ አሳረፉ።

«ግርማ፣ ልብስና ድስት ጭነህ ነው እንደዚያ የተወዛወዝከው?»

አባዬ መሬት መሬት አየ።

«እኔ መንገድ ላይ ረዳቴን ቀብሬአለሁ» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ። የጫነውን የዋሸኝ ነጋዴ ነው የገደለው። የምትጭነውን ካልነገርከኝ፣ ልጄ፣ ሂች አልመርጥልህም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና ወደ መኪናቸው መሄድ ጀመሩ።

እማዬ ትሬለሩ ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር። ጓንቷ በረኪና እያንጠባጠበ ወጣች።

«ጋሼ፣ ይምጡ» አለቻቸው።

የጋራዡን ቁልፍ ተጫነች። በሩ እየተንጓጓ ተነሳና ካርቶኖቹ ተገለጡ። ጋሽ ወርቅነህ ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ሰብለ?»

«ኩላሊቴ ነው» አለች እማዬ። «የራሴ ኩላሊት ሥራ አቁሟል። እህቴ አንዱን ትሰጠኝ እንደሆን ልለምናት ነው የምሄደው። ቤተ ክርስቲያን ማንም አያውቅም። እሷም አታውቅም። እባክዎ ጋሼ።»

ጋሽ ወርቅነህ የግራ ጆሯቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«በዚህኛው በኩል ነው የነገርሽኝ» አሏት። «በዚህኛው አልሰማም።»

እማዬ ጓንቷን ሳታወልቅ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ኩላሊት የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ቤት ውስጥ ስለ በሽታዋ የሚወራው በእንግሊዝኛ፣ ከሆስፒታል በሚደወል ስልክ ነበር። ስለዚህ ኩላሊት ማለት ካርቶን ውስጥ የሚቀመጥ ነገር መሰለኝ። የእማዬ ተበላሽቷል፤ ትርሲት ጋ ደህናው አለ፤ ሄደን ጭነን እንመጣለን። ትልቅ ከሆነ የት እንደምናስቀምጠው አሰብኩ።

ሰኞ ዕለት የተጎታች ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሦስታችን ሄድን፤ አባዬ፣ ጋሽ ወርቅነህና እኔ። ሻጩ ገና እንደገባን ትልቁንና ወፍራም ብረት ያለውን ሂች አሳየን። አባዬ ወዲያው ወደደው።

«ጠንካራው አይሻልም?»

«ለአንተ ይሻላል» አሉት ጋሽ ወርቅነህ። «መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር ግን መኪናው ይነጥራል። ሆዷ ላይ ቱቦ ይዛ የምትቀመጠው እሷ ናት።»

አባዬ ሂቹን መልሶ አስቀመጠው። ጋሽ ወርቅነህ በእንግሊዝኛ ሻጩን አንድ በአንድ ጠየቁት፤ ብረቶቹ ስንት እንደሚሸከሙ፣ ትሬለሩ ሲወዛወዝ የሚይዙት በሰንሰለት ነው ወይስ በራሳቸው ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት ደረጃ ሳሳ ያለውን፣ ማወዛወዝንም የሚከለክለውን መረጡ። «ይሄ የሚበቃን ግን ካርቶኖቹን ከፊት አንስተን ከትሬለሩ ጎማዎች በላይ ባለው ወለል ላይ ካደረግናቸው ነው» አሉ። «ወደ ኋላ ጫፍም እንዳትወስዳቸው። እሱ ደግሞ የባሰ ያወዛውዛል።»

ሲገጥሙት ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከፊት ጎማው በላይ ካለው ፓራፋንጎ እስከ መሬት ለክቼ ኢንቹን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ትሬለሩ ከመያያዙ በፊት ለካሁ። ከተያያዘ በኋላ ስለካ የፒካፑ ፊት ከፍ ብሏል። ጋሽ ወርቅነህ የብሎን መፍቻ ቺያቤያቸውን ይዘው ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ፣ «እስቲ አሁን» ይሉኛል። ፊቱ ወደ ቦታው እስኪወርድ ድረስ ደጋገምነው። ከዚያ ግራሶ በጣታቸው ዝቀው የብረቶቹን ጫፍ ቀቡ። እማዬ ከትሬለሩ ውስጥ በረኪናዋን ይዛ ብቅ ብላ ታየን ነበር። ማናቸውም አልሳቁም፤ እኔ ብቻ ነኝ የምዘፍነው።

በሃይዌይ አይ ትዌንቲ ወደ ምዕራብ ሄድን። አላባማ ላይ ዝናብ ነበር። ሚሲሲፒ አንድ የካምፕ ቦታ ላይ ለማደር አቆምን፤ እማዬ ማሽኑን በራሷ ባጠበችው ክፍል ውስጥ ሰካችና «አየህ፣ ይቻላል» አለችው አባዬን። አባዬ ነዳጅ በቀዳን ቁጥር እየወረደ ሂቹን ቼክ ያደርጋል። ትሬለሩ ከኋላችን ቀጥ ብሎ ተከተለን።

ዳላስ ስንደርስ ትርሲት ድምፃችንን ሰምታ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች። እማዬ ከፒካፑ ገና አንድ እግሯን ስታወርድ ትርሲት ጎኗን አዞረችና ቀሚሷን በሁለት እጇ ወደ ኋላ ሳበችው። ሆዷ ገፍቷል።

«በስልክ አልነግርሽም ብዬ ነው!» አለች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ይሄ በስልክ የሚነገር ነገር ነው?»

ትርሲት ካገባች ጀምሮ ልጅ ፈልጋ በሐኪምም በጸበልም ስትንከራተት እንደኖረች እኔ እንኳን አውቅ ነበር። እማዬ እልል አለች። ትርሲትን አንገቷን አቅፋ እልል አለች፣ ሆዷን ሳመች፣ ደግሞ እልል አለች። አባዬ ግን የፒካፑን በር እንደያዘ ቀረ። ከእልልታው ጋር አብሮ አልሄደም።

በትርሲት ግቢ ውስጥ ትሬለሩን አቁመን ሰነበትን። ትርሲት «አልጋ እያለኝ ለምን እዚያ ትተኛላችሁ?» ብትል፣ እማዬ «ልጅቷ ወዳው ነው» ትላለች። ጁስ ስታቀርብላት አፏ ላይ አስነክታ ታስቀምጠዋለች። እኔ ደግሞ ሥራ ነበረብኝ። ትልልቆቹ ሳሎን ሲያወሩ ጋራዡን አየሁ፣ ቁም ሳጥኖቹን ከፈትኩ፣ አልጋ ሥር ገባሁ። ከዚያ ወደ ትሬለሩ ሄድኩ። እማዬ ብቻዋን ጋደም ብላ ነበር።

«እማዬ፣ ኩላሊቱን ፈልጌ አጣሁት።»

«ምን አልሽ?»

«ኩላሊቱን። ጋራዥም የለም። አንድ ካርቶን አለ፣ ግን የሕፃን አልጋ ነው።»

ሳቀች። ቱቦዋን በእጇ ደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ድረስ ሳቀች። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ሳበችኝና መዳፏን ከጀርባዬ፣ ከጎድኔ ሥር አሳረፈችው።

«እዚህ ነው ያለው። አንቺም አለሽ፣ አባትሽም አለው። ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት አለው። በአንድ መኖር ይችላል።»

«ትርሲትም ሁለት አላት?»

«አላት።»

«ታዲያ ለምን አትጠይቂያትም?»

«አሁን ሁለት ነፍስ ናት። ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ያ ልጅ ደግሞ ስንት ተለምኖ የመጣ ነው። ትውለድ፣ ታጥባ፣ ጡት ታስጥል። ያን ጊዜ ተመልሼ እመጣለሁ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ውሃዬ አለ» አለች። ለማንም እንዳልናገርም አስማለችኝ።

ስንመለስ ሉዊዚያናን ስናጋምስ አባዬ ተናገረ።

«ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን፣ ሳትጠይቂያት?»

እማዬ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነበር።

«እህቴን ልጠይቅ መጣሁ፤ ጠየቅኳት» አለችው። «ደህና ናት።»

አባዬ ቀጥሎ ያገኘው ማረፊያ ቦታ ላይ ቆመ። ሂቹን ላየው ብሎ ወረደና ከኋላ ጎንበስ አለ። ሳይነሳ ቆየ። ሂቹ ምንም አልሆነም ነበር።

ትርሲት በኅዳር ወንድ ልጅ ወለደች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ሲያለቅስ ሰማነው፤ እማዬ «እሰይ የእኔ ጌታ» እያለች ስልኩን ሳመችው። ከገና በኋላ እማዬን ሆዷን ያማት ጀመር። የሚወጣው ውሃ ደፈረሰ። ያ የፈራችው ኢንፌክሽን ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ያን ሁሉ በረኪና አልፎ። ሆስፒታል ገባች፣ ወደ ደሟ አለፈ፣ አልወጣችም።

ትርሲትን እህትሽ ታማለች ብለው ጠሯት። ኤርፖርት ጋሽ ወርቅነህና ሌሎች ሽማግሌዎች ተቀብለው አረዷት። ሕፃኑን ታቅፋ ገባች። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፣ እሷም እንደ ሰው አለቀሰች፣ ደረቷን መታች። በሦስተኛው ቀን ግን ሴቶቹ ሲያወሩ አንዷ «ኩላሊት ክፉ ነው» ስትል ሰማች። ተነስታ እጄን ያዘችኝና የእማዬ መኝታ ቤት አስገብታኝ በሩን ዘጋች። ማሽኑን ገና አልወሰዱትም ነበር።

«ባለፈው ስትመጡ ታማ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን ልትሉኝ ነበር የመጣችሁት? ንገሪኝ፣ ልጄ።»

መሐላዬን አፈረስኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ እማዬ አንድ ኩላሊቷን ልትለምናት መጥታ፣ እስክትወልድ፣ እስክታጠባ፣ ጡት እስክታስጥል ልትጠብቅ እንደነበር። ትርሲት አላለቀሰችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው። ጡቷ ጊዜውን ጠብቆ ኖሮ ጥቁር ቀሚሷ ፊት ለፊቱ እየራሰ ነበር።

«የሚወስዱት የቀኙን ነው የግራውን?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፤ ከውጭ አንዷ ሴትዮ በሩን አንኳኳች።

«የፈለጉትን» አለች ትርሲት። «የፈለጉትን ይወስዱ ነበር።»